«እኔን» ያልኩ ዕለት

ይህን ታሪክ የማያምን ቢኖር አልቀየመውም። ከሌላ ሰው አፍ ብሰማው እኔም «ይቺ ደግሞ ምን ነካት» ብዬ አልፈው ነበር።

ግን የደረሰው በእኔ ነው። ወረቀቶቹ እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አሉ። ቁጥሩም፣ ቀኑም፣ ሰዓቱም ተጽፎባቸዋል።

ደግሞ በጨለማ አልነበረም። ማክሰኞ ዕለት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ፀሐይ በሰፊው መስኮት ገብታ ነጩ የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግታ ሳለ ነው የጀመረው።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ።

ፊታችሁ ያለ ሰው ሲደናቀፍ ምን ትላላችሁ?

...

«እኔን» ነው የምትሉት። አውቃለሁ። ሰውየው መሬት ሳይነካ ቃሉ ከአፋችን ይወጣል። ምን እያልን እንደሆነ አስበንበት አናውቅም።

እናታችን ለሁሉም ነገር «እኔን» የምትል ሴት ነበረች። ለወደቀ ልጅ፣ ለተሰበረ ብርጭቆ፣ ለማታውቀው መንገደኛ። አባታችን ሰክሮ መጥቶ በራፍ ላይ ሲደናቀፍ ግን ሁለት እጇን አፏ ላይ ትጭን ነበር። አጥብቃ። ጣቶቿ እስኪነጡ።

ልጆች ሳለን፣ ስለምትጠላው ይመስለን ነበር።

የምሠራው ምርምር ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። የምናጠናው የጠጪ ሰው ደም ነው።

ሰው ስለ መጠጡ ሲጠየቅ ይዋሻል። ለክፋት አይደለም የምለው፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «አንድ ሁለት ብቻ» ሲባል ሰምቻለሁ። ደሙ ግን አይዋሽም። አልኮል ሰውነት ውስጥ ሲገባ በቀይ የደም ሴሎች ግድግዳ ላይ አንድ ነገር ይፈጠራል። ያ ነገር አልኮል በሌለበት አይፈጠርም። ትንፋሹ ከጠራ፣ ራስ ምታቱ ከለቀቀ በኋላ እንኳ ለሳምንታት እዚያው ተጣብቆ ይቆያል። ሳይንሳዊ ስሙ ረጅም ነው። እኛ «ምስክሩ» እንለዋለን።

ምስክሩ ከሃያ በታች ከሆነ ሰውየው አይጠጣም። ከሁለት መቶ ካለፈ ብዙ ይጠጣል። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው።

ማሽኑ በትክክል መለካቱን ለማወቅ ደግሞ በየሳምንቱ ምስክር የሚባል ነገር የሌለበት ደም ያስፈልገናል። እሱን «ባዶ» እንለዋለን።

ባዶዋ እኔ ነበርኩ።

በዕድሜዬ አንድ ጠብታ ቀምሼ አላውቅም። አባታችንን የገደለው መጠጥ ነው፤ ሽታው ብቻ ያጥወለውለኛል። ደም የምትቀዳው ሲስተር በየማክሰኞው ክንዴን እያሰረች ትቀልድብኝ ነበር።

«ያንቺን ደም የመጠጠች ትንኝ ቀጥ ብላ ነው ቤቷ የምትገባው።»

አንድ ታናሽ ወንድም አለኝ። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ እስካሁን የምንጠራው ማሙሽ ብለን ነው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። የማንንም ቤት መብራት ያበራል፣ የራሱን ቤት ግን እያጨለመ ነበር።

አንድ ቀን ሚጣን ከመዋዕለ ሕፃናት ማምጣት ረሳ። ሚጣ ልጁ ናት፣ አምስት ዓመቷ። በሩ ተዘግቶ፣ ሁሉም ሄዶ፣ ጥበቃው አጠገብ ቦርሳዋን አቅፋ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀመጠች። እናቷ ስትደርስ «አባዬ መንገዱ ጠፍቶት ነው» አለቻት።

እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። ብዙ አትናገርም። በዚያው ዕለት የማሙሽን ልብስ አጣጥፋ በራፍ ላይ አስቀመጠችለት።

«መሐላህን አልፈልግም» አለችው። «አፍህንም አልፈልግ። የደምህን ወረቀት አምጣ። ሦስት ንጹሕ ወረቀት። ለመጪው ዓመት ትምህርት ቤት እስኪከፈት ካላመጣህ ሚጣን ይዤ ወንድሜ ጋ እሄዳለሁ።»

ወንድሟ የሚኖረው በመኪና የሁለት ቀን መንገድ ነው።

ማሙሽ እኔ ቤት ገባ። ጥናታችን ውስጥም ተመዘገበ። ተሳታፊዎቹን የምናውቃቸው በቁጥር ነው፤ እሱ ሠላሳ አንድ ሆነ። ወንድሜ መሆኑን ለማንም አልተናገርኩም። ጥናቱን የሚመራው ዶክተር ቢያውቅ ያስወጣው ነበር።

የመጀመሪያው ማክሰኞ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት። ሁለተኛው አራት መቶ ሰማንያ። እሰይ፣ እየወረደ ነው አልኩ።

ሦስተኛው ስድስት መቶ ሃምሳ አምስት።

ማታ ራት ላይ ቀና ብሎ አላየኝም።

«ማሙሽ።»

«እ።»

«መቼ?»

«ዓርብ... ቅዳሜም።»

«ሚጣ ልትሄድ ነው እኮ።»

ማንኪያውን አስቀመጠ። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ማንኪያው ሳህኑን ደጋግሞ መታው።

«አንድ ዕድል ብቻ እታለም። አንድ ጊዜ ቤቴ ልግባ እንጂ... ከዚያ እተወዋለሁ።»

ይህን ቃል አባታችንም ይለው ነበር። በዚያው ድምፅ።

ቢሆንም ወንድሜ ነው። እናታችን ሥራ ስትውል ያዘልኩት፣ አፍንጫውን የጠረግኩለት እኔ ነኝ።

እናም በሚቀጥለው ማክሰኞ፣ አራት ሰዓት ተኩል ላይ...

ሲስተር የጠዋቱን የደም ቲዩቦች መደርደሪያው ላይ አስቀምጣልኝ ወጣች። ላቦራቶሪው ውስጥ እኔና የማቀዝቀዣው ድምፅ ብቻ ቀረን። ከእኔ ሁልጊዜ ሁለት ቲዩብ ትቀዳ ነበር፤ አንዱ ለመጠባበቂያ።

የሠላሳ አንድን ቲዩብ አነሳሁ። ቁጥሩና ባርኮዱ ያለበትን ስቲከር ቀስ ብዬ ላጥኩት።

ላቦራቶሪ የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ እጃችን ሥራ ሲይዝ የላጥነውን ስቲከር የምናስቀምጠው የራሳችን ቆዳ ላይ ነው። ከጓንቱ በላይ፣ አንጓችን ላይ። ለአንድ አፍታ። እኔም ግራ አንጓዬ ላይ ለጠፍኩት።

የወንድሜን ደም ወደ መድፊያው ልወስድ ዞርኩ።

ቲዩቡ ከጓንቴ አመለጠ።

ጠረጴዛው ላይ ተንከባለለ፣ ጠርዙ ላይ ደረሰ፣ ልክ እንደሚወድቅ ልጅ ወደ ፊት አዘነበለ...

«እኔን» አልኩ።

ያዝኩት። አልተሰበረም።

ሳቄ መጣ። ለቲዩብ «እኔን» ትላለች እንዴ ሰው?

ደሙን ደፋሁት። ስቲከሩን ከአንጓዬ ላይ አንስቼ መጠባበቂያው ቲዩቤ ላይ ለጠፍኩት። የእኔ ደም ሠላሳ አንድ ሆነ። ማሽኑም አነበበው። ዜሮ።

በዚያው ቀን ማሙሽ የመጀመሪያውን ንጹሕ ወረቀት ለሚስቱ ወሰደ።

ማታ ሳህን ሳጥብ ግራ አንጓዬ ላይ የስቲከሩ ምልክት አየሁ። ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች፣ ባርኮዱ እንዳለ። ከሥራቸውም «31» ይላል፣ በስሱ። ቀለሙ ለቆ ነው ብዬ በሳሙና አሸሁት።

አልለቀቀም።

በማግስቱ ጠዋት ደም መምጠጫውን ፒፔት ስይዝ እጄ ተንቀጠቀጠ። በጣም አይደለም። ቁርስ ስላልበላሁ ይሆናል አልኩ።

ሐሙስ ዕለት ሲስተር አጠገቤ ቆማ ስታወራ ድንገት ዝም አለች። አፍንጫዋ ትንሽ ተንቀሳቀሰ።

«ትናንት ድግስ ነበረብሽ እንዴ?»

«የምን ድግስ?»

«ኧረ እንዲያው ነው» አለችና አንድ እርምጃ ራቀች።

ሽንት ቤት ገብቼ መዳፌ ውስጥ ተነፈስኩ።

አባታችን ሸተተኝ።

...

በሚቀጥለው ማክሰኞ ደግሞ ልለውጥ አስቤ ነበር። መጀመሪያ ግን ማሽኑን በባዶው ፈተንኩት። በእኔ ደም ማለት ነው።

መቶ አርባ።

ማሽኑን አጠብኩት። እንደገና አስነበብኩት። መቶ አርባ ሁለት።

ደሜ ቆሽሿል ማለት ነው፤ ለማሙሽ የሚሆን ንጹሕ ደም የለኝም። ምን እንደማደርግ ጠፍቶኝ፣ ዝም ብዬ የእሱን የራሱን ደም ማሽኑ ላይ ጫንኩት። ሳይለወጥ። ሠላሳ አንድን ራሱን።

ዜሮ።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ከስድስት መቶ ሃምሳ አምስት ወደ ዜሮ የወረደ ደም አላየሁም። አይኖርምም። ሰውየው ውሃ እንኳ ሳይቀምስ ቢቀመጥ አይሆንም። «አይሆንም» የምለው ደግሞ ሥራዬ ስለሆነ ነው።

ሆነ።

በቀጣዩ ማክሰኞም የማሙሽ ዜሮ ነው። የእኔ ሦስት መቶ አሥር።

ሦስተኛውን ወረቀት ይዞ ቤቱ ገባ። ሚስቱ ወረቀቶቹን መስኮቱ ጋ ወስዳ አንድ በአንድ አነበበቻቸው አሉ። ከዚያ ልብሱን ቁም ሣጥን ውስጥ መልሳ ሰቀለችለት።

እኔን ደግሞ ዶክተሩ ቢሮው አስጠራኝ። በሩን ራሱ ዘጋው።

«ተቀመጪ» አለኝ። ድምፁ ለስላሳ ነበር፤ ያ ነው ያስፈራኝ። «ባዶው ለሁለት ሳምንት ባዶ አይደለም።»

«ማሽኑ ይሆናል ዶክተር።»

«የግቢያችንን ጥበቃ ደም አስነበብኩት። ዜሮ ነው።»

እጅጌዬን ወደ አንጓዬ ጎተትኩ።

«ማንም አይሰማም። እርዳታ የምታገኚበት ቦታ አለ፣ ታውቂዋለሽ።»

«ዶክተር፣ እኔ ቀምሼ አላውቅም። እርስዎም ያውቃሉ።»

በሐዘን ዓይን አየኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጠጪዎችን ያየሁበት ዓይን ነው።

«ምስክሩ አይዋሽም» አለኝ። «አንቺ ነሽ ለአዲስ ሠራተኛ የምታስተምሪው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የላቦራቶሪው ባዶ ጥበቃው ሆነ። እኔን ፋይል ክፍል አስቀመጡኝ። ደሜን ግን በየማክሰኞው ይለኩት ነበር።

ረቡዕ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማሙሽ ቤት ሄድኩ።

ሚስቱ ሳሎን ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። «እትዬ፣ ከስተሻል» አለችኝ እግሯን ከስፌት መኪናው ፔዳል ሳታነሳ። ማሙሽ ወጥ ቤት ነበር። ገብቼ በሩን ገርበብ አደረግኩት።

መልኩ ጠርቷል። ዓይኑ ነጭ፣ እጁ ቀጥ ያለ። እኔ ደግሞ ጠዋት በመስታወት ዓይኔ ውስጥ ቢጫ ነገር አይቼ ነበር።

«እየጠጣህ ነው?» አልኩት በሹክሹክታ።

የስፌት መኪናው ድምፅ ሲነሳ ጠበቀ።

«እየጠጣሁ ነው።»

«ማሙሽ...»

«ግን ምንም አይለኝም እታለም። እንደ ውሃ ነው። ግማሹን ጠርሙስ ብጨርሰው ምንም።» ወደ ሳሎኑ አየ። «ይገባል... የት እንደሚሄድ ግን እንጃ።»

«ምን ማለት ነው የት እንደሚሄድ?»

«ቆይ ላሳይሽ።»

ከጋዝ ሲሊንደሩ ጀርባ ጠርሙስ አወጣ። የሻይ ብርጭቆ ሞላ። በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው።

«ይኸው። ምንም።»

ጉሮሮዬ ተቃጠለ።

እሳቱ ደረቴን አልፎ ሆዴ ውስጥ ወረደ። የዕቃ ማጠቢያውን ጠርዝ ያዝኩ። ወለሉ በቀስታ ዘንበል አለ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ዘንበል አለ...

ማሙሽ እኔን እያየ ነበር። ብርጭቆው ከእጁ ወደቀ።

ጎንበስ ብሎ ፊቴን አሸተተ። ልጆች ሳለን የአባታችንን ትንፋሽ እንደምናሸትት።

«እታለም» አለ፣ ድምፁ ጠፍቶ። «ትንፋሽሽ...»

እጅጌዬን ሰብስቤ አንጓዬን አሳየሁት። ሁሉንም ነገርኩት። ስቲከሩን፣ የተንከባለለውን ቲዩብ፣ ከአፌ ያመለጠውን ቃል።

አልሳቀም። እሱም የእናታችን ልጅ ነው። ቀስ ብሎ አፉን በእጁ ሸፈነ። ልክ እንደ እሷ።

እናታችን አባታችን ሲደናቀፍ ለምን አፏን እንደምትይዝ የዚያን ጊዜ ነው ሁለታችንም የገባን።

ጠርሙሱን ማጠቢያው ውስጥ ደፋው። እጄን ይዞ አለቀሰ።

«ሁለተኛ አልጠጣም። ሚጣ ትሙት።»

«በልጅ አትማል።»

«ሚጣ ትሙት አልኩሽ።»

ሳሎን ውስጥ የስፌት መኪናው ቆመ። ለትንሽ ጊዜ። ከዚያ ቀጠለ።

ማሙሽ ቃሉን ጠበቀ። እውነቱን ልናገር፣ ለአሥራ ዘጠኝ ቀን አንድ ጠብታ አልቀመሰም። እሱ ተኛ፣ በላ፣ ሠራ። ላብ ያጠመቀኝ፣ ጥርሴን ያፋጨኝ፣ ግድግዳ ላይ የሌለ ነገር ያሳየኝ እኔን ነው። እሱ ተወ፣ እኔ ታመምኩ። ቁጥሬ ግን መውረድ ጀመረ። ሁለት መቶ ሰባ። ሁለት መቶ አሥር። እየተሻለኝ ሄደ።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ እሑድ፣ ምሳ ጋበዙኝ።

ሚጣ አጠገቤ ተቀመጠች። እጅጌዬ ከፍ ሲል አንጓዬን አየችው።

«አክስቴ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ስቲከር ነው የኔ ቆንጆ። አልለቅ ብሎኝ ነው።»

«ለኔም ለጥፊልኝ።»

«የለኝም፣ አለቀ።»

«እንዲህ ነው እኮ የሚለጠፈው» አለችና ትንሿን አንጓዋን አንጓዬ ላይ ጫነች። እንደ ማኅተም። ቆጠረችም። «አንድ... ሁለት... ሦስት።»

እጄን ሳብኩ። ሳቀች። እናቷም «ለዚህች ልጅ ስቲከር ካልገዛንላት ሰው ልጣ ትጨርሳለች» ብላ ሳቀች።

አሥር ሰዓት አካባቢ ልሄድ ተነሳሁ። ደጃፉ ላይ ሦስት ደረጃ አለ። ገና አልበረታሁም ነበርና ሁለተኛው ላይ እግሬ ተጠለፈ። በግድግዳው ተደገፍኩ።

ከኋላዬ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«እኔን አክስቴ።»

ዞር አልኩ። ሚጣ በራፉ ላይ ቆማለች፤ ሁለት እጇ ወደ እኔ ተዘርግቷል፣ ልትይዘኝ። አምስት ዓመቷ ነው። ቃሉን ያስተማርናት እኛው ነን።

እናቷ ሳቀች። «እዩዋትማ፣ እንደ ትልቅ ሰው።»

ማሙሽ ብቻ አልሳቀም። እኔና እሱ ተያየን።

ተመልሼ እጇን ያዝኩ፣ ገልብጬ አየሁት። ምንም የለበትም። ንጹሕ፣ ለስላሳ የልጅ እጅ።

እፎይ አልኩ። ሄድኩ።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ፊቴን ስታጠብ፣ አንጓዬ ላይ መስመር የለም።

አሸሁት፣ ወደ ብርሃን አዙሬ አየሁት። የለም። እጄ አይንቀጠቀጥም። መስታወት ውስጥ ዓይኔ ነጭ ነው።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሲስተር ቀዳችኝ። ቁጥሩ ሲወጣ ራሷ እየሮጠች ፋይል ክፍል መጣች።

ዜሮ።

ከሁለት መቶ አሥር በአንድ ሳምንት ወደ ዜሮ አይወርድም። ይህን ከማንም በላይ አውቃለሁ። ግን ደስታዬ ሞላ፤ ሳይንሱን ማን አስታወሰው? ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ማሙሽ ጋ ደወልኩ።

«ለቀቀኝ» አልኩት። «ባዶ ነኝ። ምልክቱም ጠፋ።»



«ጨርሶ?»

«ጨርሶ።»

«እሰይ» አለ። ቆየና ደግሞ... «እና አሁን ማንንም አይነካም ማለት ነው?»

አነጋገሩ ቅር አለኝ። ግን ተደስቼ ነበር።

«ማንንም» አልኩት።

ምነው ያኔ አፌን ይዤው በነበር።

ሐሙስ ዕለት፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ለሚጣ አንድ ጥቅል ስቲከር ገዝቼ ሄድኩ። ኮከብ፣ ዓሣ፣ ቢራቢሮ ያለበት።

ሚስቱ በሩን ከፈተችልኝ። ፊቷ ገርጥቷል።

«ግቢ እትዬ። ሚጣን ትንሽ አሟት ነው።»

«ምን ሆነች?»

«እንጃ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ትተኛለች። ጠዋት ጠዋት እጇ ይንቀጠቀጣል። ሐኪሙ ምንም አላገኘም፣ ጉንፋን ይሆናል አለ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ትናንት ደግሞ ዝም ብላ ስትስቅ ዋለች። ለብቻዋ።»

«ማሙሽስ?»

«ወጥ ቤት ነው። አምፖሉ ተቃጥሎ።»

ሚጣ ሶፋው ላይ ናት። ጉልበቷ ላይ ወረቀት አስደግፋ ቀይ እርሳስ ይዛለች። የምትስለው ቤት ነው፤ ግድግዳው ግን ሁሉ የተንቀጠቀጠ፣ የተጣመመ።

«አክስቴ» አለች። ምላሷ ተሳሰረ። ሳቀች።

ጎንበስ ብዬ ሳምኳት።

ትንፋሿ...

ቀስ ብዬ እጅጌዋን ሰበሰብኩ።

መስመሮቹ እዚያ ናቸው። ቀጫጭን፣ ጥቁር፣ ለትንሿ አንጓዋ እንዲስማሙ ሆነው አንሰዋል። ከሥራቸው «31» ይላል።

«እኔን» አልኩ። ግንባሬን ጉልበቷ ላይ አድርጌ «እኔን፣ እኔን፣ እኔን» አልኩ።

ምንም አልሆነም። አንጓዬ ባዶ ነው። ያ ቃል ሳይታሰብ ማምለጥ አለበት መሰለኝ፤ ታስቦ፣ ተለምኖ ሲባል ማንም አይሰማውም።

ከዚያ ከወጥ ቤት አንድ ድምፅ መጣ።

ትንሽ ድምፅ ነው። ክዳን ሲዞር። ቀጥሎ ብርጭቆ ሲቀመጥ። ቀጥሎ አንድ ነገር ሲቀዳ፣ ቀስ ብሎ፣ ማንም እንዳይሰማ...

ልጮህ አፌን ከፈትኩ።

ሚጣ እርሳሷን ወረቀቱ ላይ አስቀመጠች። ወደ ወጥ ቤቱ በር ቀና አለች፣ ስሟ እንደተጠራ ሁሉ። ዓይኗን ጨፈነች።

አፏ ውስጥ ምንም አልነበረም።

ዋጠች።